ከወንዝ ማዶ ያደሩ ልጆች

ወደ ላይኛው ጉለሌ ቤት ቀይረን ስንወጣ ልጄ ሁለተኛ ክፍል ልትገባ ነበር። ቤቱ ከእንጦጦ ግርጌ፣ ባህር ዛፉ ገና ተመንጥሮ ባላለቀበት ሰፈር ነው። ዕቃችንን ከአይሱዙ ስናወርድ በግራ በኩል ያለው ጎረቤታችን ቤቱን ቆርቆሮ እያለበሰ ነበር። በቀኝ በኩል ያለው ገና መሠረት እያስቆፈረ ነው። ሳምንት ሳይሞላን ደግሞ ፊት ለፊታችን ሌላ የአሸዋ ክምር ተገለበጠ። ከዚያ ወዲህ የሲሚንቶ ማቡኪያ ድምፅ ሳልሰማ የነቃሁበት ጠዋት ትዝ አይለኝም።

ቦታውን ግን ሰፈር ሳይሆን በፊት ነው የማውቀው። ያደግሁት ከዊንጌት ከፍ ብሎ ነው፤ የተማርኩትም ከአሁኑ ቤታችን በታች ከሚያልፈው ወንዝ ማዶ ባለው የመንግሥት ትምህርት ቤት። በኔ ጊዜ ጥቂት የጭቃ ክፍሎች፣ አንድ ቧንቧ፣ ከዚያ ደግሞ ኳስ በተመታ ቁጥር ተንከባሎ ወንዝ የሚገባበት ዘቅዛቃ ሜዳ ነበር። ዛሬ ቤታችን ያለበት ቦታ ሰው አይኖርበትም ነበር። እናቴ «ማዶ እንዳትሻገር፣ ጅብ አለ» ትለኝ ነበር። አሁን እዚያ ጅብ አለ በተባለበት ቦታ ፎቅ ቆሟል፣ ዳቦ ቤት ተከፍቷል፣ ጠዋት ጠዋት ታክሲ ለመያዝ ሰው ይሰለፋል።

ልጄ መዋዕለ ሕፃናትንና አንደኛ ክፍልን የጨረሰችው አዲሱ ገበያ አካባቢ በሚገኝ አነስተኛ የግል ትምህርት ቤት ነው። እኔም የምሠራው እዚያው አዲሱ ገበያ ነው፤ ፍሪጅና የልብስ ማጠቢያ ማሽን እጠግናለሁ። ከአዲሱ ቤታችን ግን መንገዱ ራቀ፤ ልጅቷን በየጠዋቱ ታክሲ ሰልፍ ላይ ማቆም ከበደን። «ማዶ ያለው ምን አለው?» አልኳት ባለቤቴን። «እኔ እዚያ አይደል የተማርኩት?»

«አንተ ስትማር ክፍል ውስጥ ስንት ነበራችሁ? አሁን ስንት እንደሆኑ አይተሃል?»

አላየሁም ነበር። በምዝገባው ቀን ለማየት ሄድኩ።

ርዕሰ መምህሯ ቢሮ ውስጥ አልነበሩም። በሩ ላይ፣ ነጠላቸውን ትከሻቸው ላይ ጣል አድርገው፣ በወላጅ ተከበው ቆመዋል። ፀጉራቸው የሸበተ፣ ድምፃቸው ግን የወጣት ነው። ተራዬ ሲደርስ «ለሁለተኛ ክፍል ቦታ ይኖራል?» አልኳቸው።

«ቦታስ የለም» አሉኝ። «ልጅቷ ግን ትገባለች።»

ቀልድ መስሎኝ ፈገግ አልኩ፤ እሳቸው አልሳቁም። «የመንግሥት ትምህርት ቤት ልጅ አይመልስም። እናንተ ቤት ስትሠሩ እኛ ወንበር እንፈልጋለን። ሰኞ ይዘዋት ይምጡ» ብለው ወደሚቀጥለው ሰው ዞሩ።

የመጀመሪያውን ሰኞ አልረሳውም። የጭቃ ክፍሎቹ በነበሩበት ባለ አራት ፎቅ ሕንፃ ቆሟል፤ ከጎኑም ሌላ እየተሠራ ነው። ደወሉ ሲደወል ልጆቹ ከየአቅጣጫው ይጎርፉ ጀመር። ከታች ከሽሮ ሜዳ በኩል፣ ከላይ ከጫካው ጫፍ፣ ከኛ ማዶ ድልድዩን እየተሻገሩ። ያ ሁሉ ሰማያዊ ዩኒፎርም ሜዳውን ሞልቶ ደረጃው ላይ ተረፈ። እኔ በልጅነቴ ተሰልፈን ስንቆም የሁሉንም ፊት ለይቼ አውቅ ነበር። አሁን የሰልፉ ጫፍ የት እንደሆነ እንኳ አይታየኝም። ርዕሰ መምህሯ የድምፅ ማጉያውን አንስተው አንድ ቃል ሲናገሩ ያ ሁሉ ጫጫታ ባንዴ ጸጥ አለ፤ የባንዲራው ገመድ እንጨቱን ሲመታ ይሰማ ነበር። ለሥራ እንደረፈደብኝ እያወቅሁ ከአጥሩ ሥር ቆሜ ቀረሁ። ያን ሁሉ ልጅ ማን ወለደው? መቼ? ስል አሰብኩ። እኔ ፍሪጅ እየፈታሁ አጎንብሼ ቀና ስል አንድ ከተማ ሙሉ ልጅ አድጎ ጠበቀኝ።

ክፍላቸው እንደተፈራው ጠባብ ነው። ልጄ ከሌሎች ሁለት ልጆች ጋር አንድ ዴስክ ላይ ትቀመጣለች። የቀኙ ልጅ ሲጽፍ ክርኑ እንደሚነካት ነገረችን። ምሳቸውን ግን እዚያው ይበላሉ። ከሰፈሩ የተውጣጡ እናቶች ገና ሳይነጋ መጥተው ሩዙን፣ ምስሩን፣ ዳቦውን ያሰናዳሉ። አንድ ቀን ውሃ ማሞቂያቸውን እንድጠግን ተጠርቼ ሄጄ በርሜል የሚያህል ድስት ሁለት ሴቶች እንደ ጀበና ቀለል አድርገው ከእሳት ሲያወርዱት አየሁ። ሥራዬን ትቼ ሳያቸው አንደኛዋ «ምነው፣ ራበህ እንዴ?» ብላ ሳህን ሰጠችኝ።

ባለቤቴን የሚያሳስባት ግን ሌላ ነበር። «ያን ሁሉ ልጅ ይዛ መምህርቷ ልጄን በምን ታውቃታለች?» ትላለች። ማታ ልጅቷን ጠየቀቻት። «ቲቸር ስምሽን ታውቃለች?»

«የሁላችንንም ታውቃለች» አለች ልጄ፣ ከደብተሯ ቀና ሳትል።

የሰፈራችንን ሰው በተመለከተ ግን እንዲህ ለማለት አልደፍርም። ከመሀል ከተማ ቤቱ ፈርሶበት የመጣ አለ፣ ከክፍለ ሀገር የመጣ አለ፣ ተከራይ አለ። ጠዋት ሁሉም የቆርቆሮ በሩን ዘግቶ ይወጣል፤ ማታ ከፍቶ ይገባል። ከግራ ጎረቤቴ ጋር፣ ያ ቆርቆሮ ሲያለብስ የነበረው፣ ዓመቱን ሙሉ ከአንገት ሰላምታ ያለፈ ነገር አልተለዋወጥንም። ረጅም፣ ፊቱ የማይፈታ ሰው ነው። ስሙን አላውቅም፤ ስሜን አያውቅም።

ሰፈራችንንና ትምህርት ቤቱን በቅርብ የሚያገናኘው አንድ ድልድይ ነበር፤ ሌላው ከታች ርቆ ነው ያለው። ድልድይ አልኩት እንጂ የሲሚንቶ ቱቦ ተደርድሮ ላዩ ላይ አፈር የተደለደለበት ነው። ለጥቂት እግረኛ ተብሎ የተሠራ፣ በኋላ ግን አሸዋና ድንጋይ የጫነ መኪና ሁሉ የሚመላለስበት። በበጋ ወንዙ እዚህ ግባ አይባልም፤ ልጆች በዝላይ ይሻገሩታል።

ሰኔ ውስጥ፣ ፈተና ሊጀምሩ ቀናት ሲቀራቸው፣ ከቀትር በኋላ ሰማዩ ጠቆረ። አዲሱ ገበያ ሱቄ ውስጥ ሆኜ በረዶው ጣሪያውን ሲደበድብ ከደንበኛዬ ጋር መደማመጥ አቃተን። በረዶው ሲያባራ ዝናቡ ቀጠለ። ከተራራው የሚወርደው ጎርፍ አስፋልቱን ሞልቶ፣ ታክሲዎቹ ቆመው፣ ሰው በየበረንዳው ተጠልሏል። ልጄ የምትወጣበት ሰዓት ነበር። ሱቄን ዘግቼ በእግሬ ወጣሁ።

ወንዙ ጋ ስደርስ ሰው በሙሉ ቆሟል። ድልድዩ የለም። ቱቦዎቹም፣ አፈሩም፣ መንገዱም አብረው ሄደዋል። ያ ልጆች በዝላይ የሚሻገሩት ወንዝ ቡናማ ሆኖ፣ ግንድና የቆርቆሮ አጥር ተሸክሞ፣ ድንጋይ ከድንጋይ ጋር እያላተመ ይወርዳል። ድምፁ ከእግር ሥር መሬቱን ያንቀጠቅጠዋል። ከዚያ በፊት ውሃ ፈርቼ አላውቅም፤ ያን ቀን ግን ፈራሁ። «የታችኛውስ ድልድይ?» ብዬ ጠየቅሁ። ከታች ሮጠው የተመለሱ ወጣቶች ውሃ ወጥቶበት ፖሊስ እንደዘጋው ነገሩኝ።

ማዶ ትምህርት ቤቱ ይታያል። ልጆቹ አይታዩም።

በዚህ መሀል አንድ ሰው ሰውን እየገፋ ወደ ውሃው ወረደ። ጫማውን አውልቋል። ጎረቤቴ ነው። ሳላስብ ሮጬ ቀበቶውን ያዝኩት።

«ልቀቀኝ» አለ።

«አልለቅም።»

«ልጄ ማዶ ናት።»

«የኔም ማዶ ናት» አልኩት።

ዞሮ አየኝ። ሌሎች ሰዎችም ደርሰው በክንዱ ያዙት፤ ወደ ላይ ጎተትነው። ጭቃው ላይ ተቀመጠ፤ እኔም አጠገቡ ተቀመጥኩ። ቀበቶውን ግን አልለቀቅሁም።

ከዚያ ድምፅ ሰማን። የጠዋቱ ሰልፍ የድምፅ ማጉያ ነው። ርዕሰ መምህሯ ጃንጥላ ሳይዙ ማዶ ካለው ዳገት ላይ ቆመዋል፤ መምህራኑ ከኋላቸው። ከወንዙ ጩኸት በላይ ቃል በቃል እየለዩ ተናገሩ።

«ወላጆች፣ ስሙኝ። ልጆቹ ሁሉም ሕንፃው ውስጥ ናቸው። አንድም ልጅ ወደ ወንዙ አልወረደም። ማንም ውሃ ውስጥ እንዳይገባ። አሁን ከናንተ ወገን የሚመጡትን ልጆች መምህሮቻቸው ስማቸውን ይጠራሉ። የሰማ ወላጅ እጁን ያንሳ፤ ከዚህ እናያችኋለን።»

አንድ መምህር ማጉያውን ተቀበላቸውና መጥራት ጀመረ። ከአጠገቤ አንዲት ሴት እጇን አነሳች። ከዚያ ሌላ። ከዚያ ሌላ። ቀጥሎ የልጄ መምህርት መጣች። ቀጭን ወጣት ናት፤ ፀጉሯ እንዳይረጥብ ፌስታል አጥልቃለች። በእጇ ምንም አልያዘችም፤ ያ ዝናብ ወረቀት የሚያስይዝ አልነበረም። ዓይኗን ጨፍና ጠራች። አንድ ጊዜም አልተደናቀፈችም። በኋላ ልጄን ስጠይቃት እንደ አቀማመጣቸው፣ ዴስክ በዴስክ፣ ከፊት ወደ ኋላ እንደጠራቻቸው ነገረችኝ። ያን ጠባብ ክፍል በሙሉ በልቧ ይዛው ነው ወንዝ ዳር የመጣችው።

የልጄ ስም ሲጠራ የኔም ስም አብሮ ተጠራ። የአባት ስም ነውና። የራሴ ስም ከዚያ ደራሽ ውሃ በላይ አልፎ፣ ዝናቡን ሰንጥቆ ደረሰኝ። እጄን አነሳሁ። ማዶ መምህርቷም እጇን አነሳችልኝ።

የጎረቤቴ ልጅ አልተጠራችም። አንድ መምህር ጨረሰ፣ ሌላዋ ጨረሰች። እሱ መሬት መሬቱን ያያል። «ስንተኛ ክፍል ናት?» አልኩት። «አራተኛ» አለኝ፣ ድምፁ አይሰማም። «ገና ናቸው፤ የሚጠሩት በየክፍላቸው ነው» አልኩት። የአራተኛ ክፍሉ መምህር ሲመጣ በሦስተኛነት ጠራት፤ ጎረቤቴ «የኔ ናት» አለ። ጎረቤቴ እጁን ከማንሳቱ በፊት እኔ አነሳሁለት። እሱ ሁለት እጁን ፊቱ ላይ አድርጎ ነበር።

እንዲህ ነው ስሙን የሰማሁት። ስሜንም የሰማው። ያ ሁሉ ሰው፣ ዓመት ሙሉ በር ዘግቶ የኖረ፣ ከልጁ ስም ጋር የሱም ስም ሲጠራ እርስ በርሱ ተዋወቀ። «አንተ ነህ እንዴ የእሷ አባት? ልጄ ስለሷ ሳታወራ አትውልም» የሚል ድምፅ ከወዲያም ከወዲህም ይሰማ ጀመር።

ርዕሰ መምህሯ ማጉያውን መልሰው ተቀበሉ። «ዛሬ መሻገር አይቻልም። በትምህርት ቤቱ ዙሪያ ያሉ ወላጆች ልጆቻችሁን ወስደው ያሳድራሉ። ሁሉንም እናውቃቸዋለን። ማን የማንን ልጅ እንደወሰደ እኔ አውቃለሁ።»

እሳቸው እየተናገሩ ከማዶው ሰፈር ሰዎች መውጣት ጀመሩ። ከሽሮ ሜዳ በላይ ያለው መንደር የሸማኔ መንደር ነው፤ ከጋሞ ደጋ የመጡ ቤተሰቦች የሚበዙበት። ጋቢ ይዘው ወጡ። መጀመሪያ ጥቂት፣ ከዚያ መንገዱ ነጭ እስኪሆን ድረስ። ልጆቹ ከሕንፃው እየተሰለፉ ሲወጡ አንድ በአንድ ጋቢ ይለብሳሉ፤ ሰማያዊው ዩኒፎርም እየጠፋ ነጭ ብቻ ይሆናል። የኔ የቷ እንደሆነች መለየት አቃተኝ። ሁሉም የትልቅ ሰው እጅ ይዘው፣ ወደየአቅጣጫው እየወጡ በምሽቱ ውስጥ ጠፉ። በዚህኛው ዳር አንድ ሽማግሌ ቆባቸውን አውልቀው «ተመስገን» አሉ፣ ለራሳቸው።

ባለቤቴ ከሥራዋ የደረሰችው ከዚያ በኋላ ነው። ጫማዋ ጭቃ ሞልቷል። «ለማን ሰጧት?» አለችኝ።

«አላውቅም» አልኳት። «ግን ሰጥተዋታል።»

ጎህ ሲቀድ የታችኛው ድልድይ ተከፈተ። አብረን ሄድን፤ ሰፈሩ በሙሉ። ባለቤቴ ከጎረቤቴ ሚስት ጋር ክንድ ለክንድ ተያይዘዋል። ርዕሰ መምህሯ የትናንቱን ልብስ እንደለበሱ በሩ ላይ ነበሩ። ገና ሳንጠይቃቸው «የእናንተ ልጅ አንድ ሸማኔ ቤት ናት፤ ከአጥሩ ጀርባ፣ አረንጓዴ በር» አሉን።

አረንጓዴው በር ክፍት ነበር። ቤቱ አንድ ክፍል ነው። ልጄ ከቤቱ ልጆችና ከሌሎች ሁለት ተማሪዎች ጋር ምንጣፍ ላይ ተቀምጣ ቆጮ በጎመን ትበላለች። ዩኒፎርሟ ታጥቦ፣ ደርቆ፣ ተተኩሷል። ስታየን ተነስታ ሮጠች፤ እናቷ አንገት ሥር ገብታ ቆየች። ከዚያ ቀና ብላ «አባ፣ እነሱ እኮ አልተኙም» አለችኝ በሹክሹክታ።

ያኔ ነው ቤቱን ያየሁት። በመስኮቱ ሥር የሸማኔው ጉድጓድ አለ፤ ሸማ የሚሠራው እግሩን እዚያ ውስጥ ከቶ ነው። ጉድጓዱ በጭቃ ውሃ ተሞልቷል። የተወጠረው ድር ተነስቶ፣ ከግድግዳ ግድግዳ ተዘርግቶ ይንጠባጠባል፤ ግማሹ ጭቃ ለብሶ። ሸማኔው፣ እንደኔ ዕድሜ ያለ ዝምተኛ ሰው፣ በጣሳ ውሃውን እየቀዳ ወደ ውጭ ያፈሳል።

«መቼ ነው ይሄ የገባው?» አልኩት።

«በረዶው ሲወርድ» አለ።

በረዶው የወረደው ልጆቹን ከመውሰዳቸው በፊት ነው። ባለቤቴም ገብቷታል፤ ሚስቱን ታያለች። «እህቴ፣ በዚህ ሁሉ ላይ ደግሞ የሰው ልጅ ተቀበላችሁ?»

ሴትዮዋ የገረማት መሰለች። አማርኛዋ የሀገሯ ዜማ አለበት፣ ለስለስ ያለ። «የረጠበው ጉድጓዱ ነው» አለች። «አልጋው ደረቅ ነው።»

ባለቤቴ ወደ እሷ ሄዳ አቀፈቻት፤ ለረጅም ጊዜ አልለቀቀቻትም። እኔ ኮቴን አውልቄ ሌላ ጣሳ ፈለግሁ። ውሃውን ቀድተን ስንጨርስ ሥራ ረፍዷል፤ ማንም ስለ ሥራ አላነሳም።

ፈተናው በሳምንት ተገፋ። ቅዳሜ ሁለቱም ዳር ወጣ። ጎረቤቴ ለቤቱ ግንባታ ያቆመውን የባህር ዛፍ ግንድ ሳይጠየቅ አስነቅሎ አመጣ፤ ከማዶ የሸማኔው መንደር ወንዶች ገመድ ይዘው መጡ፤ መምህራኑም ሱሪያቸውን ሰብስበው ውሃ ውስጥ ገቡ። የእግረኛ መሻገሪያ ሠራን። ከዓመት በኋላ መንግሥት ሰፊ የኮንክሪት ድልድይ ሠራበት፤ ያ የኛው ግን ክረምቱን በሙሉ ልጆቹን አሻግሯል። መሻገሪያውን በሠራንበት ሰሞን ሰፈራችን እድር አቋቋመ። የመጀመሪያው ስብሰባ ትምህርት ቤቱ ውስጥ፣ የልጆቹ ዴስክ ላይ ጉልበታችን ከአገጫችን እየተጋጨ ነው የተካሄደው።

በሚቀጥለው ቅዳሜ ከጎረቤቴ ጋር ወደ ሸማኔው ቤት ሄድን። ግንበኛ ይዘን፣ ከሱ ግንባታ የተረፈ ሲሚንቶ ተሸክመን። ሸማኔው መጀመሪያ እምቢ አለ። ጎረቤቴ፣ ያ ፊቱ የማይፈታው ሰው፣ «ልጄ ያደረችው እዚሁ ከጎንህ ካለው ወንድምህ ቤት ነው፤ መንደሩ አንድ አይደለም እንዴ?» አለው። ሸማኔው በሩን ከፈተልን። የጉድጓዱን ግድግዳ በድንጋይ ገነባነው፣ አፉን ከወለሉ ከፍ አደረግነው፣ ከውጭም ውሃው የሚሄድበት ቦይ አበጀን።

ሲሚንቶው ሲደርቅ ሸማኔው ጠራን። አዲስ ድር ወጥሯል። ልጄና የሱ ልጆች ከፊት፣ እኛ ከኋላ ሆነን ቆምን። ሚስቱ ማጉን አቀበለችው። ጉድጓዱ ውስጥ እግሩን ከተተ፤ ወደ ግራም ወደ ቀኝም በዓይኑ ለካ፤ መወርወሪያውን አንዴ በእጁ መዘነና ወረወረው። ክሩ ድሩን ሰንጥቆ ማዶ ደረሰ፤ መለሰው፤ መታው። ከዚያ ደግሞ። ጣት የማታህል ነጭ ጨርቅ ከምንም ስትወለድ አየን። ልጄ እጄን ጠበቅ አድርጋ ይዛ ነበር፤ እኔም ሆንኩ እሷ ለመሄድ አልቸኮልንም።